የስልካችሁን ቆጣሪ ማን ያነበዋል? ከርነሉ በሩን ለምን ዘጋው?

የካ ውስጥ ቆጣሪው ደጅ የተሰቀለበት ግቢ አስቡ። የመብራት ቆጣሪ ቁጥር እንጂ ሌላ አያሳይም። ግን በየደቂቃው እየቆመ የሚያነብ ሰው ምጣድ መቼ እንደተጣደ፣ ቤቱ መቼ ባዶ እንደሆነ ይደርስበታል። ስልካችንና ላፕቶፓችን ፕሮሰሰር ውስጥም እንዲህ ያለ ቆጣሪ አለ።

ምን ይቆጥራል?
ስንት ትእዛዝ እንደተፈጸመ፣ የተፈለገው ዳታ ካሽ ውስጥ ስንቴ እንደታጣ፣ ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን መንገድ ገምቶ ስንቴ እንደሳተ ይቆጥራል። አፕ ሠሪዎች ሥራቸው ለምን እንደሚንቀራፈፍ የሚያጣሩት በዚህ ነው። ሊነክስ ላይ ወደ ቆጣሪው የሚያስገባው በር «ፐርፍ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በከርነል 2.6.31 ገባ። አንድሮይድም በሊነክስ ከርነል ላይ ስለተሠራ በሩን ወርሷል።

ታዲያ ለምን ይዘጋል?
አንደኛ፣ ቁጥሩ ራሱ ያወራል። አንድ ፕሮግራም በምስጢር ቁልፍ ሲያሰላ የፕሮሰሰሩ እንቅስቃሴ እንደ ቁልፉ ሊለያይ ይችላል። በኖቬምበር 2020 ይፋ የሆነው «ፕላቲፐስ» የተባለ ጥናት የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን የኃይል ፍጆታ ቆጣሪ በማንበብ ብቻ የምስጢር ቁልፍ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ሊነክስም ያንን ቆጣሪ ከሩት በቀር ማንም እንዳያነበው ዘጋ።

ሁለተኛ፣ በሩ ራሱ ውስብስብ ኮድ ነው። በሜይ 2013 ፐርፍ ውስጥ የተገኘው ሲቪኢ-2013-2094 የተባለ ክፍተት ተራ ተጠቃሚን ወደ ሩት ያሻግር ነበር። በሩን ለማያስፈልገው ከዘጋችሁት እንዲህ ያለ ስህተት ቢኖር እንኳ የሚደርስበት ይቀንሳል።

እንዴት ተዘጋ?
«ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ» የተባለ የከርነል ማስተካከያ አለ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክልከላው ይጠብቃል። በ2016 በከርነል 4.6 መነሻው ከ1 ወደ 2 ከፍ አለ፦ ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራም እንጂ ከርነሉን መለካት አይችልም። በዚያው ዓመት የወጣው አንድሮይድ 7 ደግሞ 3 ላይ አደረሰው፤ ተራ አፕ በሩን ጭራሽ አያገኝም። ሠሪዎች ግን ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝተው ለሥራ መክፈት ይችላሉ። ዋናው ሊነክስ ደረጃ 3ን አልተቀበለውም፤ ዴቢያን ግን ይጠቀምበታል። በ2020 ከርነል 5.8 ሙሉ ሩት ሳይሰጥ ለመለካት ብቻ የሚሆን «ካፕ ፐርፍሞን» የተባለ ፈቃድ ጨመረ።

ይሄ ሁሉንም አይፈታም። በ2018 ይፋ የሆነው ስፔክተር ያለ እነዚህ ቆጣሪዎች፣ ጊዜን በመለካት ብቻ ይሠራል።

ለእኛ ምን ማለት ነው?
መገናኛ ወርዳችሁ ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሴቲንግ ውስጥ የአንድሮይድ ቨርዥኑን እዩ። ከ7 በታች ከሆነ ይህ ጥበቃ ላይኖረው ይችላል። ሩት የተደረገ ስልክ ላይ ደግሞ የሩት ፈቃድ ያገኘ አፕ የተዘጋውን በር መልሶ ይከፍተዋል። ቴሌብርና የባንክ አፕ የምትጭኑበት ስልክ ከሆነ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን አጣሩ።