ባለ ከረጢት ቫኪዩም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከተሞች

ባለ ከረጢት ቫኪዩም በኤሌክትሪክ ሞተር አየር እየሳበ፣ ከአየሩ ጋር የገባውን አቧራ በከረጢት አጣርቶ የሚያስቀር የቤት ማጽጃ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው ሞተሩና ከረጢቱ ተሽከርካሪ እግር ባለው ሣጥን ውስጥ ሆነው ወለል ለወለል የሚጎተተውን፣ መጥረጊያ አፉ በረዥም ቱቦ የሚያያዘውን ዓይነት ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች፣ በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ዕቃው እስካሁን ብርቅ ነው። የገጠሩ ቤት ወለሉ በእበት የሚለቀለቅ፣ በመጥረጊያ የሚጠረግ ነውና ቫኪዩም አያስፈልገውም፤ ቢመጣም ልቅላቂውን ፍቆ ይጎዳዋል። በወረዳዎቹ ከተሞች፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ግን ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል፣ ምንጣፍና ሶፋ ያላቸው ቤቶች አሉ። ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ ሴቶችም መሣሪያውን ብዙ ጊዜ ከሻጩ በተሻለ ያውቁታል። ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ዋት እንደሆነ ነው። በዚህ አገር ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት አቧራው ከተሳበ በኋላ የት እንደሚቀር ነው፤ በዚህ መመዘኛ ጥሩ ከረጢት ያለው ቫኪዩም ከሌሎቹ ይበልጣል።

ጥያቄው ለአካባቢው አዲስ አይደለም። በበጋ ወለል የምትጠርግ ሴት አስቀድማ ውኃ ትረጫለች። ደረቅ መጥረጊያ ጉድፉን ይሰበስባል፣ ደቃቁን ግን ያስነሣል፤ የተነሣው ደቃቅ ከቤት አልወጣም፣ ቆይቶ በአልጋውና በዕቃው ላይ ይወርዳል፣ ከፊሉም ሳንባ ውስጥ ይገባል። ውኃው ደቃቁን ይዞ ያስቀረዋል። ይህ መላ ለወለል በቂ ነው፤ ለምንጣፍ፣ ለሶፋ፣ ለአጎዛና ለባና ግን አይሆንም። ትንሽ ምንጣፍ ፀሐይ ላይ አውጥቶ በዱላ መምታት ይቻላል፤ ክፍሉን ሞልቶ የተነጠፈ ምንጣፍና አራት ሰው የሚያነሣው ሶፋ ግን ደጅ አይወጣም። ሊጠረግ የሚገባው ነገርም ቀላል አይደለም። ዝናቡ ካባራበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ከጥርጊያ መንገድ የሚነሣ አፈር አለ፤ በውቂያ ወቅት የጤፍና የገብስ እብቅ ይጨመራል፤ የምድጃ አመድና የዕጣን ትርፍራፊም ዓመቱን ሙሉ አለ። ይህ ሁሉ ደቃቅ ነው፤ የመሣሪያ ጥራት የሚለየውም በደቃቁ ላይ ነው።

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ይህንኑ ይመሰክራል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1901 ያወጣው ማሽን በፈረስ የሚጎተት ስለነበር ደጅ ቆሞ ቱቦዎቹን በመስኮት ይሰድ ነበር። ዕቃውን ወደ ቤት ያስገባው የኦሃዮው የጽዳት ሠራተኛ ጄምስ መሪ ስፓንግለር ነው። ስፓንግለር አስም ነበረበት፤ ምንጣፍ ሲጠርግ የሚነሣው አቧራ ስላስቸገረው የአየር ማራገቢያ ሞተርን ከትራስ ልብስ ጋር አገናኝቶ ሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 የፈጠራ መብት አገኘበት፣ መብቱንም ለሁቨር ቤተሰብ ሸጠ። ያ የትራስ ልብስ የመጀመሪያው ከረጢት ነበር ማለት ይቻላል። የስዊድኑ ኤሌክትሮሉክስ እ.ኤ.አ. በ1921 ወለል ላይ የሚንሸራተተውን፣ ባለ ረዥም ቱቦውን ሞዴል አወጣ፤ ዛሬ የሚሸጡት የዚያ ዘሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን አቧራውን በአየር ሽክርክሪት ለይቶ በፕላስቲክ ማሰሮ የሚያጠራቅም ከረጢት አልባ ቫኪዩም በአገሩ ገበያ ላይ አዋለ። ከዚያ ወዲህ ገዢው የሚመርጠው በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ነው።

ከረጢት አልባው በግልጽ የሚታይ ጥቅም አለው። ማሰሮው ሲሞላ ተደፍቶ ያው ይሠራል፣ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ችግሩ ያለው ድፊያው ላይ ነው። መሣሪያው ለሰዓት የሰበሰበው ደቃቅ በአንድ ጊዜ ከሚደፋው ሰው ፊት ይነሣል፤ ስፓንግለር የሸሸው አቧራ ይኸው ነው። ሁለተኛው ችግር ማጣሪያው ነው፤ ሜካኒኮች ፍልትሮ የሚሉት። ሽክርክሪቱ ሊለየው ያልቻለው ደቃቅ የሚቀረው በፍልትሮው ላይ ስለሆነ በየጊዜው ታጥቦ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ አምራቾች ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ሙሉ እንዲደርቅ ይመክራሉ። ያ ምክር ለሞቃት ቤት የተጻፈ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ በጉና ተራራ ግርጌ ጉምና ዝናብ በሚፈራረቁበት ቤት፣ ስፖንጅ በአንድ ቀን አይደርቅም። እርጥብ ፍልትሮ መልሶ የሚያስገባ ሰው መጥፎ ሽታ ያተርፋል፣ ሞተሩንም ለጉዳት ያጋልጣል። በከረጢት ግን አቧራው እንደታሸገ ይወጣል፣ የሚታጠብ ብዙ ነገርም አይኖርም። ቁንጫ ላለበት ምንጣፍ ይህ በተለይ ይጠቅማል፤ እንቁላሉና እጩ ከረጢቱ ውስጥ እንደሆነ ተጠቅልሎ ይጣላል።

ስለ ዋት ያለው እምነት ደግሞ በአውሮፓ ሕግ ተፈትኖ ወድቋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሚወስዱ የቤት ቫኪዩሞች ለገበያ እንዳይቀርቡ ከልክሏል። ቤቶች አልቆሸሹም፤ አምራቾቹ መጥረጊያ አፉን፣ ቱቦውንና ማራገቢያውን አሻሻሉ። ያው ደንብ ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲሠራና ድምፁ ከ80 ዴሲቤል እንዳያልፍ ያዛል። በሳምንት አንድ ሰዓት ለሚሠራበት ቤት 500 ሰዓት ማለት ወደ አሥር ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 2,000 ወይም 2,400 ዋት ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ዕቃ የሚናገረው ስለሚፈጀው ኤሌክትሪክ ነው፤ ስለሚስበው አቧራ የሚናገረው ጥቂት ነው። የመሳብ ኃይል በኪሎ ፓስካል ይለካል፣ ያም ከአየር ፍሰቱ ጋር አብሮ መታየት አለበት።

ከፍታው ነገሩን የባሰ ያጠብቀዋል፤ ስለ ከፍታ ግን በካርቶን ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ማራገቢያ የሚፈጥረው የመሳብ ግፊት ከአየሩ ጥግግት ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ በባሕር ጠለል 20 ኪሎ ፓስካል የሚስብ መሣሪያ በዚያው ፍጥነት ሲዞር ነፋስ መውጫ ላይ 15 ያህል ይስባል። ሞተሩ ጭነቱ ሲቀልለት ትንሽ ፈጠን ስለሚል ከፊሉን ያካክሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። በበሽሎ በኩል ወዳለው የስማዳ ቆላ ሲወረድ ጉድለቱ ይቀንሳል፤ በ1,500 ሜትር ላይ ጥግግቱ ወደ 86 በመቶ ይደርሳል። በአብዛኛው ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው የተሳበው አየር በመሆኑ፣ ስስ አየርና የሞላ ከረጢት አንድ ላይ ሲገናኙ ሞተሩ ቶሎ ይግላል። ከዚህ የሚወጣው ምክር ትልቅ ዋት ግዙ የሚል አይደለም። አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ሰፊ፣ ከ3 እስከ 5 ሊትር የሚይዝ ከረጢት ያለው ይገዛ፣ ከረጢቱም ሳይጠቀጠቅ ይቀየር የሚል ነው።

እዚህ ላይ የከረጢት ተቃዋሚዎች ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው፦ ከረጢት ሲሞላ መሳቡ ይደክማል። እውነት ነው። ዳይሰን ኩባንያ የአውሮፓን የቫኪዩም ደረጃ መለያ የከሰሰው፣ ፍተሻው በባዶ ከረጢት ስለሚደረግ ገዢን ያሳስታል ብሎ ነው፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 መለያውን ሰርዞታል። ፍርዱ የፍተሻውን ዘዴ እንጂ ከረጢትን አልኮነነም። የወረቀት ከረጢት በደቃቅ አፈር ቀዳዳው ቶሎ ይደፈናል፣ እርጥበትም ይቀደዋል። ሳይሸመን ከሰው ሠራሽ ጭረት የተነባበረው ከረጢት ግን ደቃቁን በተለያየ ንብርብር ስለሚይዝ እስከ መጨረሻው ድረስ በተሻለ ይስባል። ልዩነቱን ለማግኘት የሚከፈለው ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። የዱቄት ክምርና አመድ ግን ማንኛውንም ከረጢት ይደፍናሉ፤ ያልጠፋ ፍም ያለበት አመድ ደግሞ ያቃጥለዋል። ሁለቱም በማፈሻ ይነሡ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ ከረጢቱ ከየት ይመጣል? በወገዳ ወይም በአርብ ገበያ ሱቅ መጠባበቂያ ከረጢት አገኛለሁ ብሎ መግዛት የዋህነት ነው። ባሕር ዳርም ቢሆን የሚገኘው ዓይነት ውስን ነው። መልሱ ግዢው ላይ ነው ያለው። ከረጢት ቀላልና ተጣጣፊ ስለሆነ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ከመሣሪያው ጋር በአንድ ሻንጣ ይመጣል፤ በአንድ ቤት አንድ ከረጢት አንድ ወር ከዚያም በላይ ይቆያል። ከረጢቱን ራሱ ብቻ የሚያመርተው ብራንድ ርካሽ ቢሆንም ይቅር። ኤሌክትሮሉክስና ፊሊፕስ የሚጋሩት ኤስ ባግ የሚባለው ዓይነት፣ በብዙ አምራች ስለሚሠራ፣ ቢያልቅም ለማስላክ ይቀላል። ብዙ ርካሽ ቫኪዩሞች የሚታጠብ የጨርቅ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። እርሱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ ሲራገፍ የሚያስነሣው አቧራ ከማሰሮው አይተናነስምና የከረጢቱን ዋና ጥቅም ያስቀራል።

ስለ ኤሌክትሪክ የሚነሣው ስጋት ግማሹ ትክክል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የጽዳት ቀን የሚወሰነው በመብራቱ ነው፤ ቫኪዩም ግን እንደ ማቀዝቀዣ ያለማቋረጥ አይፈልገውም። 800 ዋት የሆነ መሣሪያ በግማሽ ሰዓት የሚቆጥረው 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ከእንጀራ ምጣድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። የሚያቃጥለው የተሳሳተ ቮልቴጅ ነው። የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ የሚላክ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ሳዑዲ ዓረቢያም ለረዥም ዘመን በቤት ውስጥ 127 ቮልት ትጠቀም ስለነበር፣ ከዚያ የመጣ አሮጌ ዕቃ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይነበብ አይሰካ። የኸርዙ ልዩነት ግን ባለ ካርቦን ለሆነው የተለመደ የቫኪዩም ሞተር አያሳስብም። ከዱባይ የሚመጣው ቮልቴጁ ይስማማል፣ ስፒናው ግን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ ብቁ ኤሌክትሪሻን ይቀይረው፤ የላላ ማገናኛ ላይ እንዲህ ያለ ጭነት መስቀል ሶኬት ያቀልጣል።

በመጨረሻ መጥረጊያ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ለብዙ ቤት ልክ ናቸው። አንድ ክፍል ሊሾና አንድ ሰሌን ያለው ሰው ገንዘቡን ለሌላ ቢያውል ይሻለዋል። ምንጣፍና ሶፋ ባለበት ቤትም ቢሆን መጥረጊያው አይጣልም። ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማ ቱቦውን ይዘጋል፣ እርጥበቱም ከረጢቱን ያበላሻል፤ ስለዚህ ቄጤማውና ፍንዲሻው በእጅ ከተሰበሰበ በኋላ ነው መሣሪያው የሚነሣው። አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤት ግን ክርክሩ ወደ ቫኪዩሙ ያጋድላል፤ እዚያ በአየር መውጫው ላይ ኤች13 ደረጃ ያለው ሄፓ ፍልትሮ መኖሩ ይታይ፤ ይህ ደረጃ ለማጣራት በጣም ከሚያስቸግረው ደቃቅ 99.95 በመቶውን ይይዛል። ፍልትሮው ግን የሚረዳው የሣጥኑ ክዳን ጎማ ጥብቅ ከሆነ ብቻ ነው፤ አየር በጎን የሚያስወጣ ሣጥን ማጣሪያውን ዘሎ አቧራ ይመልሳል። ሲገዙ ክዳኑን ከፍቶ ጎማውን በጣት መዳሰስ ካርቶኑን ከማንበብ ይበልጣል።

የሞላ ከረጢት አፉ ተዘግቶ ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ ይሄዳል። ሰው ሠራሹ ከረጢት በጓሮ አይቃጠል፤ ጭሱ ይጎዳል። እንደ ጥራጊ ከፍግ ጋርም አይደባለቅ፣ ምክንያቱም ጭረቱ ማሳ ውስጥ አይበሰብስም። የወረቀቱ ከረጢት ከነአፈሩ ቢቀበር ችግር የለውም።