የቤተ ሙከራ አይጦች አመጋገብ በሕዋ

ለምርምር ወደ ሕዋ የሚላኩ አይጦች ምግብና ውሃ የሚያገኙበት ዘዴ። ያደገች የቤተ ሙከራ አይጥ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ያህል ትበላለች፤ ስለዚህ የሚያስቸግረው መጠኑ ሳይሆን ፍርፋሪው ነው። ክብደት አልባ በሆነ ቦታ ፍርፋሪ መሬት አይወርድም፣ እየተንሳፈፈ የአየር ማራገቢያው ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት ናሳ ከስንዴ ዱቄት፣ ከወተት ፕሮቲንና ከመሳሰሉት የተዘጋጀ፣ እርጥበት ያለው ድፍን ምግብ በጨረር አምክኖ ከጎጆው ጎን ያጣብቃል። አይጧ ወንፊት መሰሉን ግድግዳ በጥፍሯ ቆንጥጣ እዚያው ትግጠዋለች። ውሃውንም በግፊት ከሚሠራ ቧንቧ ጫፍ እየላሰች ትጠጣለች። በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የተላኩት 20 አይጦች የኖሩት እንዲህ ነው።

የመርካቶ እህል በረንዳ አይጥ ያገኘችውን ትበላለች፤ የሕዋዋ ግን ምድር ከቀሩት የማነጻጸሪያ አይጦች ጋር አንድ ዓይነት ምግብ መብላት አለባት፣ አለዚያ ውጤቱ ይዛባል።

የሩሲያው ቢዮን-ኤም1 መንኮራኩር (2013 እ.ኤ.አ.) ምግብና ውሃን አንድ ላይ የያዘ ገንፎ መሰል ቀለብ ይዞ 45 አይጦችን ለ30 ቀናት አበረረ። መንኮራኩሩ ሰው አልባ ነበርና የአንዱ ክፍል መመገቢያ ሲበላሽ የሚጠግነው አልተገኘም። በሕይወት የተመለሱት ከግማሽ በታች ናቸው።