ዜና ቃኘው

በ1942 ዓ.ም.፣ ሰኔ በገባ በ18ኛው ቀን፣ የሰሜን ኮርያ ጦር ድንበር ጥሶ ወደ ደቡብ ወረደ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ለተወረረችው አገር ድረሱላት ብሎ ወደ አባል መንግሥታቱ ሁሉ ላከ። ይህ ቃል አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር እንዲዘምት ፈቀዱ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ ቆመው ወራሪዋ ኢጣልያ ስለረጨችው መርዝ ጋዝና ስላለቀው ሕዝባቸው አቤት ባሉ ጊዜ፣ ሰምቶ የደረሰላቸው መንግሥት አልነበረምና፤ ያ ቀን ከልባቸው አልወጣም ነበር።

ከንጉሠ ነገሥቱ ክቡር ዘበኛም ብርቱ ብርቱው ተመረጠ። ጦሩም በአባታቸው በራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተባለ። ለመላው ዘማች ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ ለመጀመሪያው ሻለቃ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥ ሆኑ። ዘማቾቹ የኮርያን ምድር በሚመስል ተራራና ገደል ለወራት ከሠለጠኑ በኋላ፣ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሰንደቅ ዓላማውን በገዛ እጃቸው ሰጥተው፣ መርቀው ሸኙአቸው። በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በዚያው ወር በ8ኛው ቀን በአሜሪካ መርከብ ተሳፈሩ፤ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ተጉዘውም ፑሳን ወደብ ደረሱ። ከዚያም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመደቡ።

በዚያም አገር ክረምቱ በረዶ ነው። የደጋ ልጅ ብርድ ያውቃል፤ ምሽጉን የሚደፍን፣ ከጠመንጃ ብረት ላይ ጣት የሚያጣብቅ ብርድ ግን አያውቅም። ቢሆንም በዚያው ሆነው ተዋጉ። ቃኘው የሚታወቀውም ይልቁን በሌሊት ቅኝት ነው። ሲመሽ ጥቂት ሰዎች ከኮረብታው ወደ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ ትንፋሻቸውን ውጠው ያደፍጣሉ፤ ጠላት ሲቀርብ በራዲዮ መድፍ ይጠራሉ፤ የቆሰለውን ተሸክመው፣ የወደቀውንም አንሥተው ይመለሳሉ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. በፖርክ ቾፕ ኮረብታ አካባቢ መቶ አለቃ ዘነቀ አስፋው ጥቂት ሰዎች ይዞ እጅግ የሚበዛ የቻይና ጦር በገጠመ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። አሜሪካዊው የጦር ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በኮረብታው ስም በጠራው መጽሐፉ ይህን ጽፎአል፤ የመኮንኑንና የወታደሩን መቀራረብም ከሌሎቹ ጦሮች ሁሉ በላይ አድርጎ አመስግኖታል። ባዕድ የመሰከረውን እኛም ልናነበው ይገባል።

ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም። ይህ ነገር ዛሬም ይነገራል፤ መነገርም ይገባዋል፤ በእነዚያ ሸለቆዎች በየሌሊቱ የተከፈለበት ነውና። የሞቱት ከ120 በላይ ናቸው፤ የቆሰሉትም 536። ከሁሉም ጊዜ ጦር ተደምሮ ወደ ኮርያ የሄደው ከ6,000 ሰው ይበልጣል፤ ሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ ሁለተኛውን፣ ሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ሦስተኛውን ሻለቃ መርተዋል። የሙታኑም አፅም ወደ አገር ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ።

ከጦርነቱ ሥራ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ በቆመ ጊዜ በዶንግዱቾን ከተማ ወላጅ ያጡ ልጆች በየመንገዱ ይለምኑ ነበር። ወታደሮቹ ከደመወዛቸው አዋጥተው ቤት አቋቋሙላቸው፤ መገቡአቸው፤ አስተማሩአቸው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቤተሰብም አዲስ አበባ ይጠብቅ ነበር። ሰላም የሚባለውን ነገር ከዚህ በላይ በእጅ ሠርቶ የሚያሳይ ሥራ አላውቅም።

ከበደ ገብሬም ጄኔራል ሆነው፣ በ1954 ዓ.ም. በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር አዛዥነት ያዙ። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ደቡብ ኮርያ ቹንቾን ከተማ ሄደው የቃኘውን ሐውልት መረቁ።

ከዚያም ዘመን ተገለበጠ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ወታደራዊ ደርግ ካለ ፍርድ ከረሸናቸው ሰዎች አንዱ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። የቀሩት ዘማቾችም ከኮሙኒስት ጋር ተዋግታችኋል ተብለው በክፉ ዓይን ታዩ፤ ብዙዎች የደረሰባቸውን በደል ዝም ብለው ተሸከሙ፤ ሜዳልያቸውን የደበቁም ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ በሰሙበት፣ አገራቸው ቀጣቸው። ይህ በደል ሳይጻፍ ሊቀር አይገባውም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ደቡብ ኮርያ ዘማቾቹን ፈልጋ አገኘች፤ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸውም የትምህርት እርዳታ ሰጠች። በአዲስ አበባ አፍንጮ በር የመታሰቢያ ሐውልት ቆመላቸው፤ በቹንቾንም የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ተከፈተ። ዘማቾቹ በአዲስ አበባ የሰፈሩበት ስፍራም ዛሬ ድረስ ኮርያ ሰፈር ይባላል።