«ገብረ» ስንት ናቸው?

የመረጃ ቋት «ስሙ ውስጥ ገብረ ያለበትን ሁሉ አምጣ» ሲባል፣ ገና ሳይፈልግ ስንት እንደሚያገኝ ይገምታል። የፍለጋውን መንገድ የሚመርጠው በዚያ ነው፤ ግምቱ ከሳተ የሰከንድ ሥራ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

በ1979 እ.ኤ.አ. የአይቢኤሟ ፓትሪሺያ ሰሊንገርና ባልደረቦቿ መረጃ ለሌለበት ጊዜ ቁጥር ቆረጡ፦ ለ«እኩል ነው» ከ10 አንድ፣ ለ«ይበልጣል» ከ3 አንድ። የኋለኛው የተለየ ትርጉም እንደሌለው ራሳቸው ጽፈዋል። ሐቀኝነታቸውን እወድላቸዋለሁ።

ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ፖስትግሬስም በቂ ናሙና ሲያጣ በተጻፈው ፊደል ልክ ግምቱን ለ5 እያካፈለ ይወርዳል። ችግሩ፣ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው። የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲሆን በዩቲኤፍ-8 የግዕዙ 3 ነው፤ ስለዚህ «ገብረ» 9 ጊዜ ይካፈላል። ገብረመድኅንና ገብረሚካኤል በሞሉበት መዝገብ ላይ ማሽኑ «ማንም የለም ማለት ይቻላል» ብሎ ይነሳል።