የሒሳብ ትምህርትና የጊፋታ ቀን

በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ ሒሳብ ለመጻፍ የተነሣሁት የሒሳብ ዐዋቂ ሆኜ አይደለም። እንዲያውም እስከ ዐምና ድረስ ከክፍላችን ውስጥ ሒሳብን አጥብቆ የሚሸሽ ተማሪ እኔ ነበርሁ። «ይህ ሁሉ ማባዛትና ማካፈል ለምን ይጠቅመኛል?» እያልሁ አጕረመርም ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄው ክፉ እንዳልነበረ ተረድቻለሁ፤ ክፉው ነገር ጠይቄ መልሱን አለመፈለጌ ነበር። መልሱንም ያገኘሁት በታሪክ ውስጥ ነው።

ሒሳብ በመጀመሪያ የተወለደው በመጽሐፍ ላይ ሳይሆን በሥራ ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደ ተረከው፣ በግብፅ አገር የዓባይ ወንዝ ሞልቶ የገበሬውን እርሻ በወሰደበት ጊዜ ንጉሡ ሰዎች ልኮ የጐደለውን መሬት ያስለካ ነበር፤ ግብሩም በዚያው ልክ ይቀነስ ነበር። ጂኦሜትሪ የሚለው የግሪክ ቃል ትርጓሜም «መሬት መለካት» ማለት ነው። ያን ወንዝ በየዓመቱ ያስሞላው የነበረው በአብዛኛው በእኛ አገር ደጋ የዘነበው የክረምት ዝናብ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ትምህርት ለእኛ ፍጹም ባዕድ ነው ለማለት አንደፍርም።

በአገራችንም ቢሆን ሊቃውንቱ በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡበት ባሕረ ሐሳብ የሚባል የቈየ ትምህርት አለ። ትውፊቱ ይህን ቀመር ከ2ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ለነበረው ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 በምን ቀን እንደሚውል ለማወቅ ብንፈልግ፣ በ2018 ላይ 5500 ጨምረን 7518 እናገኛለን። ይህን ለ4 ስናካፍለው፣ ቀሪውን ትተን፣ 1879 ይሆናል። ሁለቱን ስንደምር 9397 ነው። ይህንንም ለ7 ስናካፍል 1342 ደርሶ 3 ይቀራል። ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ከሆነ ረቡዕ፣ 3 ከሆነ ሐሙስ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው። የ2018 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀንም በእርግጥ ሐሙስ ዋለ። እኔ በክፍል ውስጥ እንደ ትርፍ ነገር የናቅሁት «ቀሪ» ለሊቃውንቱ ዋናው መልስ እንደ ሆነ ልብ በሉ።

ይህን ወደ ቤታችን ልመልሰው። የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን ጊፋታን የሚያከብረው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው። አባቶቻችን ቀኑን የሚለዩት ጨረቃን እየተመለከቱና ቀን እየቈጠሩ ነበር። ለጊፋታ እናቶች ቅቤ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፤ አባቶችም ለሰንጋ መግዣ በየጊዜው ገንዘብ ያዋጣሉ። ዐምና አያቴ «ልጄ፣ የሚመጣው ጊፋታ በስንት ቀን ይውላል? ቅቤዬን በዚያው ልክ ላሰናዳ» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ወረቀት አንሥቼ ከላይ ያሳየሁትን ሒሳብ ሠራሁ። መስከረም 1 ሐሙስ ከሆነ እሑዶቹ 4፣ 11ና 18 ናቸው። ከ14 እስከ 20 ያለው ሰባት ቀን ስለ ሆነ በመካከሉ የሚገኘው እሑድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መስከረም 18 ነው። አያቴ ሰምተው ፈገግ አሉና «ለካ ትምህርትህ ለቤትም ይሆናል» አሉኝ። ከፈተና ውጤት ሁሉ ይልቅ ያ ቃል ልቤን አነሣሣው።

ከዚያ ወዲህ በየስፍራው ሒሳብ መፈለግ ጀመርሁ። በቋንቋችንም አገኘሁት። በወላይትኛ ከ6 እስከ 9 ያሉት ቍጥሮች፣ ኡሱፑና፣ ላፑና፣ ሆስፑና፣ ኡዱፑና፣ ሁሉም «ፑና» በሚል ይጨርሳሉ። ሃያ «ላታማ» ማለትም ሁለት ዐሥር ስለ ሆነ፣ በላፑና መጀመሪያ ላይ ያለውም «ላ» ሁለት ማለት ይመስላል። እንግዲህ ሰባት «አምስትና ሁለት» ነበር ማለት ነው፤ አንዱ እጅ ሞልቶ በሁለተኛው እጅ ሁለት ጣት ተቈጠረ። የጥንት ሰዎች በጣቶቻቸው የጀመሩትን ነው እኛ ዛሬ በሰሌዳ ላይ የምንቀጥለው።

እንዲሁም በወላይታና በዳውሮ መካከል በሚያልፈው በኦሞ ወንዝ ላይ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የግልገል ጊቤ 3ኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እንመልከት። እያንዳንዳቸው 187 ሜጋዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች አሉት፤ በድምሩ 1870 ሜጋዋት ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሜትር ቢወርድ 9.8 ኪሎዋት ያህል ኃይል ይሰጣል፤ ከፍታው በጨመረ ቍጥር ኃይሉም በዚያው መጠን ይጨምራል። መሐንዲሶቹ ግድቡን ያን ያህል ከፍ ያደረጉት እንዲሁ በግምት ሳይሆን በዚህ ማባዛት ነው። እኛም ማታ አምፑል አብርተን የምናጠናው በዚያው ማባዛት ፍሬ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለጨዋታ አይደለም። በ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ ሁሉ ውጤት ነው፤ ሆኖም ከመቶ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል ዘጠና አምስት ያህሉ ከደጅ ሲቀሩ ዝም ማለት አይገባም። እኔም በቅርቡ ለዚያው ፈተና ስለምቀመጥ ነገሩ የራሴም ጭንቀት ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፣ ቀመሩን ከመስጠታችሁ በፊት የሚፈታውን ችግር አሳዩን። የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፣ የቅቤውንና የሰንጋውን፣ የእርሻውንና የገበያውን ሒሳብ ለልጆቻችሁ ስጡ፤ ቢሳሳቱም ታገሡአቸው። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ «ለምን ይጠቅመኛል?» ማለትን አትተዉ፤ ነገር ግን ጠይቃችሁ አትቀመጡ፤ ወረቀትና እርሳስ አንሡ። የ2019 ዓ.ም. ጊፋታ በስንት ቀን እንደሚውል ሠርታችሁ ማታ ለአያቶቻችሁ ንገሩ።