ስም የተሸከመ ጆንያ

የቡና ጆንያ። ጁት፤ በስቴንስል የታተመ ጥቁር ቀለም። የሚይዘው 60 ኪሎ።

ቀረብ ብለው ፊደሎቹን ይመልከቱ። ቀለሙ በክሮቹ መካከል ሰርጎ ጠርዛቸውን አደብዝዞታል። «ይርጋጨፌ» በሚለው የላቲን ጽሑፍ ውስጥ የ«አር» እና የ«ኤ» ሆድ ተቆርጦ እንዳይወድቅ በስቴንስሉ ላይ ቀጭን ድልድይ ተትቶላቸዋል፤ ክፍተቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ያሰበ እጅ፣ ስሙ ባይጻፍም፣ የዲዛይነር እጅ ነው።

በጌዴኦ፣ በኮቸሬ ወረዳ፣ በጨለለቅቱ ዙሪያ የሚለቀመው ቡናም ገበያ ሲወጣ የኖረው በዚሁ በጎረቤቱ በይርጋጨፌ ስም ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ስሙን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች፤ በ2007 ከቡና ኩባንያው ከስታርባክስ ጋር ስለ ስሙ አጠቃቀም ስምምነት ተፈረመ። ጥበቃ የተጠየቀው ለሥዕል ወይም ለአርማ ሳይሆን ለራሱ ለቃሉ ነበር።

ዛሬ «ጨለለቅቱ» የሚለው ስም በሩቅ አገር ቡና የሚቆሉ ነጋዴዎች ከረጢትና ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በላቲን ፊደል ብቻ። ይህ ያሳዝነናል። በቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ላይ የሰው ፊት የተቀረጸበት የጌዴኦ ምድር የፊደል ቀራጭ አያጣም። ከዲላም ሆነ ከጨለለቅቱ ለሚነሳ ወጣት ዲዛይነር፣ ለወረቀቱም ለድረ ገጹም ለግድግዳ ሥዕሉም የምትሆን መነሻ አለች፤ በ«ይርጋጨፌ»ም በ«ጨለለቅቱ»ም ውስጥ ያለችው፣ በሦስት እግሯ የቆመችው «ጨ»።