ምስጢሩን ባሕር ያሻገረው ሊኖ

እስኪ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ የእሳትና የትንፋሽ ታሪክ ነው። ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።

ከቬኒስ ማዶ፣ በጀልባ ጥቂት ተሂዶ፣ ሙራኖ የምትባል ደሴት አለች። በ1291 የቬኒስ ሸንጎ የመስታወት ምድጃዎች ከከተማው ወጥተው ወደዚያች ደሴት እንዲዛወሩ ወሰነ። ከተማው የእንጨት ቤት የበዛበት ነበር፤ ቀን ከሌት የማይጠፋ እሳት ደግሞ ለጎረቤት አይመችም። እንዲህ በእሳት ፍራቻ የተጀመረው ነገር ውሎ አድሮ ሌላ ጥቅም አመጣ። በውኃ የተከበበ ሰፈር ምስጢር ለመጠበቅ ይመቻል። መስታወት ሠሪው ያለ ፈቃድ አገር ጥሎ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ ኮብልሎ የተገኘ ቅጣቱ ከባድ ነበር። አርፎ ለተቀመጠው ግን ክብሩ ሌላ ነበር። ከቬኒስ መኳንንት አንዱ የመስታወት ሠሪ ልጅ ቢያገባ፣ የሚወለዱት ልጆች መኳንንትነታቸውን አያጡም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ አገር ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ቡዳ እየተባሉ ሲሸሹ ኖረዋል፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ሙራኖ ደግሞ ባለ እጇን አክብራ አሰረችው። የቱ ይሻላል ብትሉኝ የሙራኖው ይሻላል እላለሁ፤ ቢሆንም እስር እስር ነው።

የሚጠበቀው ምስጢር ምን ነበር? አንዱን ልንገራችሁ። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አንጄሎ ባሮቪዬር የሚባል ባለ ሙያ ከወንዝ የተለቀመ ነጭ ጠጠር ፈጭቶ፣ ከሶርያ ጠረፍ በሚመጣ የተክል አመድ አቅልጦ፣ ጥቂት ማንጋኒዝ ጨምሮበት፣ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ መስታወት አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው መስታወት ቡናማ ወይም አረንጓዴ ይመታ ነበር። ያንን ዓይነት የጠራ መስታወት የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ሁሉ ተሻማበት። በ1660ዎቹ የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር የፊት መስታወት ሠሪዎችን ከሙራኖ በገንዘብ አባብሎ ፓሪስ አስገባ። ምስጢሩ አንድ ጊዜ ቀዳዳ አገኘ ማለት ነው። በ1797 ናፖሊዮን መጣ፣ የቬኒስ ሪፐብሊክ ወደቀች፣ ብዙዎቹ ምድጃዎችም ለብዙ ዘመን ቀዘቀዙ።

አሁን ወደ 20ኛው መቶ ዘመን ልሻገር። በ1921 ፓኦሎ ቬኒኒ የሚባል የሚላኖ ጠበቃ ከአንድ የቬኒስ ነጋዴ ጋር ሆኖ ሙራኖ ላይ ድርጅት ከፈተ። ድርጅቱ ዲዛይነር ማስገባት ጀመረ፤ አርክቴክቱ ካርሎ ስካርፓ ከ1932 እስከ 1947 ለቬኒኒ ሠርቷል። ስካርፓ በወረቀት ይነድፋል፣ ማኤስትሮው፣ ማለት ዋናው ባለ ሙያ፣ በትንፋሹ ይነፋል። ድንቅ ሥራ ወጣ። በሙዚየም ካርድ ላይ የምታነቡት ግን የስካርፓንና የቬኒኒን ስም ነው። የነፋው ሰው ስም እምብዛም አይጻፍም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል። ከእሳቱ ፊት ቆሞ ላቡን ያፈሰሰው፣ በአንዲት ቅጽበት ዕቃውን ሊያድነውም ሊያጠፋውም የሚችለው እሱ ነውና።

ከእነዚህ ስም የለሽ እጆች መሀል ነው ሊኖ ታሊያፒየትራ የበቀለው። በ1934 ሙራኖ ተወለደ፤ በ11 ዓመቱ ስመ ጥሩ አርኪሜዴ ሴጉሶ ዘንድ ለማጅ ሆኖ ገባ። ለማጅ መጀመሪያ ይጠርጋል፣ ያቀብላል፣ ያያል። ሊኖ ማየት ያውቅበታል። ሲመቸው ደሴቲቱ ላይ ካለው የመስታወት ሙዚየም ገብቶ የጥንቶቹን ሥራ ያጠናል፤ ቬኒስ ላይ ቢየናሌ የሚባለው የጥበብ ትርኢት ሲከፈትም ሄዶ የዘመኑን ሥዕል ያያል። በ21 ዓመቱ ማኤስትሮ ተባለ።

ከባሕር ማዶ ደግሞ ሌላ ነገር ይፈላ ነበር። አሜሪካ ውስጥ መስታወት የፋብሪካ ነገር ነበር፤ በ1962 ሃርቪ ሊትልተን ቶሌዶ በሚባለው የኦሃዮ ከተማ ትንሽ ምድጃ አቁሞ፣ አንድ ሠዓሊ ከፋብሪካ ውጭ ብቻውን መስታወት መንፋት እንደሚችል አሳየ። ፍላጎቱ ነበር፤ እጁ ግን አልሠለጠነም። በ1968 የሊትልተን ተማሪ ዴል ቺሁሊ በፉልብራይት የትምህርት ድጋፍ ቬኒኒ ዘንድ ገባ። ያየው ነገር አስደነቀው። አንዱ ይቀመጣል፣ አንዱ ይነፋል፣ አንዱ የምድጃውን በር ይከፍታል፣ አንዱ የጋለ መስታወት ይዞ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ቃል ሳይለዋወጡ። አገሩ ተመልሶ በ1971 ከሲያትል በስተሰሜን፣ ጫካ ውስጥ፣ ከደጋፊዎቹ ከሃውበርግ ባልና ሚስት ጋር ፒልቸክ የተባለውን ትምህርት ቤት መሠረተ። የመጀመሪያውን ክረምት ዝናብ እየመታቸው በድንኳን አሳለፉት።

ለዚህ ትምህርት ቤት ነው ሙራኖ የተጠራችው። በ1978 የሊኖ ሚስት ወንድም ፍራንቸስኮ ኦንጋሮ ሄደ። በ1979 ሊኖ ተከተለ። እንግሊዝኛው ይህን ያህል አልነበረም፤ አስተማሪው እጁ ነበር።

እጁ ምን እንደሚያስተምር ሬቲቼሎ በሚባለው ዘዴ ላሳያችሁ። በመጀመሪያ ነጭ መስታወት በጠራ መስታወት ይሸፈናል። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ወደ ኋላ ይራራቃሉ፤ ቀጭን ረጅም ዘንግ ይሆናል። ይቆራረጣል። ቁራጮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ይሞቃሉ፣ በመንፊያው ቱቦ ጫፍ ላይ ይጠቀለላሉ፣ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛሉ፤ ተነፍቶ አረፋ ይሆናል። ሌላ ሰው በዚያው ሰዓት ሌላ አረፋ ወደ ግራ ጠምዝዞ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ሲገናኙ ነጫጭ መስመሮቹ ተሻግረው መረብ ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ የመረብ ዓይን ውስጥም አንዲት ደቃቅ የአየር ፍሬ ታስራ ትቀራለች። አንደኛው አረፋ ከሌላው ጥቂት ቢቀዘቅዝ፣ ወይም ጠምዛዡ እጅ ትንሽ ቢፋጠን፣ መረቡ ይጣመማል፤ የብዙ ሰዓት ድካም ወደ ስባሪ ማጠራቀሚያ ይሄዳል። ቢሳካም ዕቃው በልዩ ምድጃ ውስጥ ቀስ እያለ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ሊኖ ለባዕዳን ልጆች ገልጦ አሳየ፣ መልሶም አሳየ።

ሙራኖ ተቆጣች። ቤተሰብ ለልጁ ብቻ ያወረሰውን ጥበብ ለአሜሪካ መስጠቱን እንደ ክህደት የቆጠሩት ብዙ ነበሩ። ቁጣቸውን አልንቅም፤ እንጀራቸው ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የደሴቲቱ ልጆች ምድጃውን እየተዉ ነበር፤ ወራሽ ለሌለው ውርስ ዘብ መቆም ምን ይጠቅማል? እኛም አገር ስንት መድኃኒት አዋቂ ለልጁ እንኳ ሳይነግር ዕውቀቱን ይዞት ተቀብሯል። ሊኖ ለመቃብር አላስቀረውም። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።

ደግሞ የሄደው ለመስጠት ብቻ አልነበረም፤ ተቀብሎም መጣ። ቺሁሊ በ1976 በመኪና አደጋ የግራ ዓይኑን ብርሃን አጥቶ፣ ኋላም ትከሻው ተጎድቶ፣ ራሱ መንፋቱን ትቶ ነበር። በ1988 «ቬኒሳውያን» የተባሉትን ማሰሮዎች ሲጀምር እሱ በቀለም ይነድፍ፣ ሊኖ ይነፋ ነበር። ጥምረቱ የድሮው የሙራኖ ሥርዓት ይመስላል፤ ግን ሊኖ እዚያ አገር ሌላም ነገር አይቷል። የሚያስበውም የሚሠራውም አንድ ሰው ሲሆን አይቷል። ብዙም ሳይቆይ፣ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ የፋብሪካ ሥራውን ትቶ በራሱ ስም መሥራት ጀመረ። ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ ረዣዥም የመስታወት ጀልባዎቹን ያየ የቬኒስን ውኃ ያስታውሳል። በ2011 ቬኒስ ራሷ ፓላዞ ፍራንኬቲ ውስጥ ሰፊ ኤግዚቢሽን አደረገችለት።

በተከፈተው በር ሌሎችም ገቡ። በ2003 ጥቁር አሜሪካዊው አርቲስት ፍሬድ ዊልሰን በቬኒስ ቢየናሌ ላይ ከሙራኖ መስታወት የተሠራ ጥቁር የጣሪያ መብራት ሰቀለ። በጥንት የቬኒስ ሥዕሎች ጥግ ላይ አገልጋይ ሆነው የቆሙትን ስም የለሽ አፍሪካውያንም ወደ ፊት አመጣ።

ሊኖ መንፋቱን ያቆመው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ብዙ የሙራኖ ምድጃዎች ጠፍተው ነበር፤ ስጋቱ ዛሬም አለ። ጣሊያን ያላችሁ፣ ጀልባውን ይዛችሁ ሙራኖ ሙዚየም ግቡና በሬቲቼሎው መረብ ውስጥ ያለችውን የአየር ፍሬ ፈልጓት። ሲያትል ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ ታኮማ ቅርባችሁ ነው፤ የመስታወት ሙዚየሙ ውስጥ እሳቱ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሲሠራ ማየት ትችላላችሁ። ማኤስትሮውን ካያችሁ በኋላ፣ በሩን የሚከፍተውን ረዳት እዩት። ስሙንም ጠይቁት።